ማሲንቆ የምታውቁ እርዱኝ፣ ስክሪፕቴ አንድ ሲን ላይ ቆሞብኛል

ሰላም ቤተሰብ፣ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው፣ አዲስ አበባ ናይት ክለብ ሲዘፍን ኖሮ መጠጥ የጣለው ልጅ ከ12 ዓመት በኋላ ባቲ እናቱ ጋ ሲመለስ ነው ታሪኩ። የሰኞ ገበያውን፣ በግመሎቹ መሀል አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ያለውን ጨርሼዋለሁ፣ የተቸገርኩት ቤት ከገባ በኋላ ነው። እናትየው ቡና እየቆላች ቀና ብላም አታየውም፣ እሱ የሟች አባቱን ማሲንቆ ከግድግዳ አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ከዛ እጄ አልሄድ አለኝ።

ያን ያህል ዓመት የተሰቀለ ማሲንቆ መጀመሪያ ምን ይደረግለታል? የፈረስ ጭራው ይቀየራል ወይስ ወጠር አድርጎ እጣን ማሸት ይበቃዋል? ቆዳውስ ይላላል?

ሌላው ቅኝቱ ነው፣ ማለቴ ዜማው የሚወጣበት የድምፅ ስልት። ሁሉም ትዝታ አድርገው ይለኛል፣ እኔ ግን ለናፍቆት ሁሌ ትዝታ ስለምንሰማ ልቤ ወደ ባቲ ቅኝት ነው ያደላው፣ ስሙም አገሩም እዛው ነው። ግን ለይቅርታ ሲን ድምቀቱ አይበዛም ወይ? አምባሰል ይሻል ይሆን?

አክተሩ መጫወት አይችልም፣ ግራ እጁን ክሎዝ አፕ ስናነሳው ባለሙያ አይቶ እንዲያዝንብን አልፈልግም። ጣቶቹ ጭራው ላይ እንዴት እንደሚያርፉ በቪዲዮ የምታሳዩኝ ካላችሁ በእናታችሁ፣ ቀረጻው ቅዳሜ ሳምንት ነው።