ኮሌጅ ያልገባ ኤሌክትሪሻን ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሲፈተን የትኛውን ሙያ፣ የትኛውን ደረጃ ይያዝ?

ባለ ቴስተሩ (ሜክሲኮ) ጠየቀ፦
ሰላም ቤተሰብ። የቤት መስመር ዝርጋታ፣ ቦርድ ማሰርና ብልሽት ፍለጋ በልምድ እሠራለሁ። አሠሪዎች አሁን አሁን "ወረቀት አለህ?" ይላሉ። ሳልማር ሲኦሲ መፈተን እችላለሁ? ደረጃ 2 ይሻላል ወይስ 3? ኤሌክትሪሻን፣ ኢንጂነር፣ ኮንትራክተር የሚባሉትስ በምን ይለያሉ?

አሰልጣኝ ከልደታ፦
ትችላለህ ወንድሜ። ምዘናው የት እንደተማርክ አይጠይቅም፣ ሥራውን መቻልህን ነው የሚያየው። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ በተግባሩ ጎበዝ መሆን የጽሑፉን አያካክስም።

መጠሪያውን በተመለከተ፣ ኤሌክትሪሻን ሁሉም የሚጠራበት ስም ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ሙያውና ደረጃው ነው፤ ለምሳሌ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን ደረጃ 2። የተለመዱት ደረጃዎች ከ1 እስከ 5 ናቸው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ንድፍ ማንበብ፣ ዕቃ ማስላትና ሌሎችን መምራት ይጨመራል። ኢንጂነር ለመባል ግን መንገዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ደረጃ 5 የያዘ ሰው ራሱ በዚያ ወረቀት ኢንጂነር አይሆንም።

ያንተ ሥራ ሕንፃ ስለሆነ በሕንፃው ተመዝገብ። የፋብሪካ ሞተርና ድራይቭ ሙያ ደመወዙ ጥሩ ነው ብለው የሚመዘገቡ አሉ፤ ተግባሩ ላይ ኮንታክተርና ስታር ዴልታ (የሞተር ማስነሻ ዕቃና አሠራር) ሲቀርብላቸው ያፈጥጣሉ። ደረጃ 2 ጀምር። ከመመዝገብህ በፊት የሙያውን ደረጃ ሰነድ አግኝና እያንዳንዱን የብቃት አሃድ (በሰነዱ የተዘረዘረውን የሥራ ክፍል) "ይህን ያለ ሰው እርዳታ እሠራለሁ?" እያልክ ምልክት አድርግ። ክፍተት ካለህ ሜክሲኮ አጠገብ ተግባረዕድ ኮሌጅ ሄደህ ስለ አጫጭር ሥልጠና ጠይቅ።

ሦስት ፌዝ፦
ኮንትራክተር ሌላ ጉዳይ ነው። ሲኦሲ የሰው ብቃት ነው፤ በተቋራጭነት ሥራ ለመያዝ የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችን ብቃት የማረጋገጡ ሥልጣን በኢነርጂ አዋጅ 810/2006 ለኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቶ ነበር። ከ2014ቱ አዋጅ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ከፖል እስከ ቆጣሪ ያለው መስመር ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ ምንም ወረቀት ቢኖርህ እሱን አትነካም።

ናስትሮ፦
ተግባሩ ላይ ሰው የሚወድቅባቸውን ልንገርህ፣ የልምድ ሠራተኛ በተለይ።

ቱ ዌይ ስዊች (አንዱን አምፖል ከሁለት ቦታ የሚያበራ) ላይ ፌዙ፣ ማለትም ኃይል ያለው ሽቦ፣ የመጀመሪያው ስዊች ኮመን (የጋራ ማሰሪያ) ላይ ይገባል፣ ሁለቱ መመላለሻ ሽቦዎች ስዊቾቹን ያገናኛሉ፣ ከሁለተኛው ኮመን ወደ አምፖል ይሄዳል። ፌዙን በስህተት መመላለሻው ላይ ካሰርክ፣ አንዱ ስዊች የሚሠራው ሌላው በአንድ በኩል ሲሆን ብቻ ነው። ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) በስዊች አይቆረጥም፤ ከተቆረጠ አምፖሉ ቢጠፋም መያዣው ላይ ፌዝ ይቀራል።

ሽቦና ብሬከር፦ መብራት 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) በ10 አምፔር፣ ሶኬት 2.5 ካሬ በ16። ምጣድ ለብቻው መስመር ይፈልጋል። 3500 ዋት ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል፣ ስለዚህ 4 ካሬ በ20 ወይም በ25 ብሬከር ይኑረው። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ ብለህ በ2.5 ካሬ ላይ 32 ብታስገባ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይነዳል።

30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያጠፋ መቁረጫ) ካለ፣ በሥሩ ያሉት መስመሮች ኒውትራል ሁሉ በሱ ባር (የሽቦ ማሰሪያ ዘንግ) ላይ ይሰብሰብ። አንዱ ወደ ሌላ ባር ከሄደ ዕቃ ስትሰካ ወዲያው ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አርሲዲውን ይቀይራል፣ ለከንቱ።

በመጨረሻ ኢንሱሌሽን ሙከራ፣ ማለትም የሽቦው ልባስ እንዳያፈስ ሜገር በሚባል መሣሪያ መፈተሽ። በ500 ቮልት፣ በፌዝና በኧርዝ (የመሬት ሽቦ) እንዲሁም በኒውትራልና በኧርዝ መካከል፣ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም። መልቲሜትር ይህን አይተካም፤ ባትሪው ደካማ ስለሆነ ኢንሱሌሽኑን አይፈትነውም። ዋናው ጠፍቶ፣ አምፖልና ኤልኢዲ ተነቅሎ ነው የሚለካው፤ አለበለዚያ ንባቡ ይወርዳል፣ ኤልኢዲውም ሊቃጠል ይችላል።

ባለ ቴስተሩ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሜገሩን ግን ነክቼው አላውቅም። ሽቦ ማሰሩን በተሰጠው ሰዓት ውስጥ የምጨርሰው ይመስለኛል።

አሰልጣኝ ከልደታ፦
ሜገር ተከራይና አንድ ቦርድ ላይ ልመድ። ሰዓቱን የሚበላው ደግሞ እርማት ነው፤ የሽቦ ልባሱ ከስክሩ ሥር ገብቶ ሲጨመቅና ባዶ መዳብ ከሞርሴቶው (ከሽቦ ማያያዣው) ሲወጣ መዛኙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ስታስር ወዲያው ሳብ ሳብ አድርገህ ፈትሽ።