በስዊት ሆም 3ዲ የቤት ፕላን ስስል ክፍሎቹ ለምን ይጠባሉ? (10 በ20 ቦታ)

ጎጆ ወጪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር 10 በ20 ሜትር ቦታ አለን፤ አጭሩ ጎን ወደ መንገድ ነው። ወደ አርክቴክት ከመሄዳችን በፊት የምንፈልገውን ለማሳየት ስዊት ሆም 3ዲ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ እየሣልኩ ነው። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ ሻወር ቤት፤ ወደፊት ጂ+1 እንዲሆን ነው ሐሳባችን።

በአንድ ጎን 2 ሜትር መተላለፊያ ትቼ ቤቱን 8 ሜትር ስፋት ሰጠሁት። ከኋላ በኩል መኝታ፣ ሻወር ቤት፣ መኝታ ብዬ 3 + 2 + 3 ሜትር ደረደርኩ። መጀመሪያ ልክ ነበር፤ ግድግዳውን 20 ሳንቲ ሳደርገው ግን ክፍሎቹ ሁሉ ጠበቡ፣ ቤቱ ደግሞ ከ8 ሜትር አለፈ። ሁለተኛ፣ የይዞታ ካርታውን ፎቶ ከሥር አስገብቼ ስለካው አንዱ ጎን ልክ ሲሆን ሌላው አይገጥምም። ሦስተኛ፣ ሳትመው መጠኑ ትክክል አይመጣም። የምታውቁ እርዱኝ።

ባለእርሳሷ

ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ስዊት ሆም ግድግዳን የሚስለው በመሐል መስመሩ ነው። አንተ 3 + 2 + 3 ብለህ የለካኸው ከመሐል መስመር እስከ መሐል መስመር ነው። ውፍረቱን 20 ስታደርገው 10 ሳንቲ ወደ ውስጥ፣ 10 ሳንቲ ወደ ውጭ ያብጣል። ስለዚህ ክፍሎቹ 2.80፣ 1.80 እና 2.80 ሆኑ፤ የቤቱ የውጭ ስፋት ደግሞ 8.20። መጀመሪያ «ልክ የነበረው» ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚሰጠው ግድግዳ 7.5 ሳንቲ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ስላልገባ ነው።

አንዲት መስመር ሳትስል ፋይል ውስጥ ገብተህ ፕሪፈረንስስ ላይ መለኪያውን ሜትር ወይም ሳንቲሜትር አድርግ፤ የአዲስ ግድግዳ ውፍረት 20 ሳንቲ፣ ቁመት 280 ሳንቲ፣ የወለል ውፍረት 20 ሳንቲ በል። እዚያ የምትቀይረው ከዚያ በኋላ ለምትስለው ብቻ ነው፤ የተሣለውን መርጠህ በግድግዳ ማስተካከያው ትቀይረዋለህ።

ቀጥሎ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥራ። የውጭ ስፋት 8.00 ይሁን። የውጭ ግድግዳ 20 ብሎኬት፣ የውስጡ 15 ብሎኬት ከሆነ ግድግዳዎቹ ብቻ 20 + 15 + 15 + 20 = 70 ሳንቲ ይበላሉ። የሚቀርህ 7.30 ነው። ይህን 2.84 + 1.62 + 2.84 ብትከፍለው፣ በየፊቱ 2 ሳንቲ ልስን ሲቀነስ የተጠናቀቀው ክፍል 2.80፣ 1.58 እና 2.80 ይሆናል። ፕሮግራሙ ላይ የምታስገባው የመሐል መስመር ልክ ደግሞ 3.015፣ 1.77፣ 3.015 ነው፤ ድምሩ 7.80 ይመጣል። በሁለቱም ዳር 10፣ 10 ሳንቲ ሲጨመር 8.00 ሞላ።

በማውስ እየጎተትክ ልክ ለማምጣት አትድከም። የግድግዳውን መነሻ ጠቅ አድርግና ኢንተር ተጫን፤ ርዝመት፣ ማዕዘንና ውፍረት የሚጻፍበት ይከፈታል። የውስጡን 15 ሳንቲም እዚያው ትጽፈዋለህ።

ፎርማን ነኝ

በባለእርሳሷ ሒሳብ እስማማለሁ። ግን 2 ሜትር መተላለፊያ ያልከው 2 ሜትር ሆኖ አይቀርልህም። የጣሪያው ክፍክፍ 60 ሳንቲ ቢወጣ ከላይ የሚቀርህ 1.40 ነው፤ አሸንዳው ከዚያም ይቀንሳል። በሌላው ጎን ቤቱን ወሰን ላይ ካስጠጋኸው ችግሩ ይብሳል። የድንጋይ ግንቡ ብዙ ጊዜ 50 ሳንቲ ስፋት አለው፤ ላዩ ላይ የሚቆመው ብሎኬት 20 ነው። ብሎኬቱን መሐሉ ላይ ካቆምከው ግንቡ በየጎኑ 15 ሳንቲ ይወጣል፤ ወሰን ላይ ከሆንክ ወደ ጎረቤት ገባህ ማለት ነው። ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) የሚያርፍበት የኮንክሪት መሠረት ደግሞ ከግንቡም ይሰፋል። ጂ+1 ካሰብክ ይህን ከአሁኑ ለኢንጂነሩ ንገረው፤ መሠረቱና ኮለኑ የሚሰላው ለምድሩም ለላዩም ወለል ነው፣ በኋላ «እንጨምርበት» ብሎ ነገር የለም።

ወሰን ላይ መስኮት መክፈት ደግሞ ዝም ብሎ አይቻልም። ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለብህ የግንባታ ፈቃድ ክፍሉን ጠይቀህ ሣል እንጂ ሥለህ አትጠይቅ።

ሌላው ኮለን ነው። ጀማሪ የሚስለው ፕላን ላይ ኮለን የሚባል ነገር የለም፣ ቤቱ በግድግዳ ብቻ የቆመ ይመስላል። 30 በ30 የሆነ ኮለን 20 ብሎኬት ውስጥ ሲገባ 10 ሳንቲ ይተርፋል፤ ወይ ሁሉም በአንድ ፊት ይወጣል፣ ወይ በየፊቱ 5፣ 5። ቁምሳጥን የሚገባበት ጥግ ወይም የኩሽና ካቢኔ ጫፍ ላይ ከመጣ የለካኸው ዕቃ አይገባም። ትክክለኛውን መጠን ኢንጂነሩ እስኪሰጥህ ድረስ 30 በ30 ሳጥን ከዕቃዎቹ ዝርዝር አምጥተህ ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ሁሉ ላይ አስቀምጥ።

ባለእርሳሷ

የካርታው ፎቶ ነገር፦ ስልኩን ትንሽ አዘንብለህ ካነሣኸው አራት ማዕዘኑ ይጣመማል፤ አንዱን ጎን ስታስተካክል ሌላው የሚያመልጥህ ለዚህ ነው። ስካነር ላይ አስነሣው፣ ከሌለ በስልክ ስካን ማድረጊያ አፕ አራቱን ጥግ አስይዘህ ቀጥ አድርገው። ፕሮግራሙ ልኬት ሲጠይቅህ የምታሰምረው መስመር ረጅሙ ጎን ላይ ይሁን። በ20 ሜትሩ ላይ በጥቂቱ ብትስት ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ በ2 ሜትር መስመር ላይ ያንኑ ያህል ብትስት ግን ቦታው ሙሉ ላይ አሥር እጥፍ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ቀጥ ያለ 10 በ20 ቦታ ከሆነ ፎቶውን ተወውና ወሰኑን ራስህ በቁጥር ሣለው። ፎቶ የሚጠቅመው ቦታው ጎባጣ ሲሆን ነው። ያም ሆነ ይህ ሜትር ይዘህ አራቱን ጎንና ሁለቱን ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) መሬት ላይ ለካ። 10 በ20 ቦታ ጥጉ ቀጥ ካለ ሰያፎቹ ሁለቱም 22.36 ሜትር ይመጣሉ። ከተለያዩ ቦታው ጠማማ ነው፤ ፕላኑም በዚያው ልክ መሣል አለበት።

ስለ ማተሙ፦ የገጽ ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ልኬቱን 1፡100 ብለህ ራስህ ወስን፤ ካልወሰንከው ወረቀቱን እንዲሞላ አድርጎ ይለጥጠዋል። በ1፡100 ቦታህ በሙሉ 10 በ20 ሳንቲ ስለሚሆን ኤ4 ይበቃዋል። በ1፡50 ግን 20 በ40 ሳንቲ ነው፤ ኤ3 ላይም በርዝመቱ ዳር የሚቀረው 1፣ 1 ሳንቲ ብቻ ስለሆነ ለልኬት መስመሮቹ ቦታ የለም። ስለዚህ ሳይቱን (ቦታውን በሙሉ) በ1፡100፣ ቤቱን ብቻውን በ1፡50 አውጣ። ፒዲኤፉን የሚያትምልህ ልጅ «ገጹን ሙላ» የሚለውን እንዳይመርጥ ንገረው። ሲወጣ ማስመሪያ አስቀምጥበት፦ በ1፡100 የ8 ሜትሩ ቤት 8 ሳንቲ ካልሆነ መልሰው።

ቱቦ

ሻወር ቤቱን ሁለት መኝታ መሐል ማድረግህ ባይከፋም ኩሽናውስ የት ነው? ኩሽናው በስተፊት፣ ሻወሩ በስተኋላ ከሆነ ሁለት የፍሳሽ መስመር ትዘረጋለህ፣ ማንሆሉም ይበዛል። ቢቻል ጀርባ ለጀርባ አድርጋቸው፤ ካልሆነም በአንድ ጎን ይደርደሩ። ጂ+1 ሲመጣ የላይኛው ሻወር ቤት በታችኛው ትክክል ላይ ይሁን። ሳሎን ላይ ያረፈ ሻወር ቤት ማለት የሳሎን ኮርኒስ ላይ የተንጠለጠለ ቱቦ ማለት ነው።

1.58 ስፋት ለሻወር ቤት ይበቃል፣ ርዝመቱ ግን ከ2.20 አይነስ። የሽንት ቤት መቀመጫው መሐል ከጎን ግድግዳ ቢያንስ 40 ሳንቲ ይራቅ፤ ከፊቱ 60 ሳንቲ ባዶ ይቅር። ሻወሩ 80 በ80 ካነሰ ክርን ያስመታል። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት መቀመጫውን እንዳይነካ በፕሮግራሙ ላይ የበሩን ቅስት ተመልከት፤ ከነካ በሩን መርጠህ እንደ መስታወት ምስል ገልብጠው፣ አቅጣጫው ይቀየራል።

ሴፕቲክ ታንኩንም ሣለው። ሰው ሁሉ ይረሳዋል፣ ከዚያ የፍሳሽ መኪናው ቱቦ የማይደርስበት ጓሮ ውስጥ ይቆፈራል። አንተ ዘንድ የሚሻለው ወደ በሩ በኩል፣ ክፍት ቦታ ላይ ነው። 2,000 ሊትር ሮቶ ጣሪያ ላይ ለመስቀል ካሰብክም ውኃው ብቻ 2 ቶን ነው፤ ኢንጂነሩ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጎጆ ወጪ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ 8.00 በትክክል መጣልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ የካሬ ሜትር መጠኑ ለአንዳንዱ ክፍል ይመጣል፣ ለአንዳንዱ እንቢ ይላል። ደረጃ ደግሞ ከዝርዝሩ አምጥቼ ለጥጬ አስገባሁት፤ ይህ ልክ ነው?

ባለእርሳሷ

እንቢ የሚለው ክፍል አንድ ጥጉ አልተዘጋም። አጉላውና ጥጎቹን አንድ በአንድ ተመልከት፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ተነካክተው ይመስላሉ እንጂ ጫፋቸው አልተጋጠመም። ሁለቱን መርጠህ በቀኝ ጠቅታው ዝርዝር ውስጥ ካለው ትእዛዝ አገናኛቸው።

ደረጃውን ግን እንደዚያ አታድርገው። ከዝርዝሩ የሚመጣው ደረጃ የተሠራ ቅርጽ ነው፤ የመርገጫው ብዛት የተወሰነ ነው። ስትለጥጠው መርገጫው አይጨምርም፣ እያንዳንዱ ብቻ ይረዝማል ወይም ይወፍራል። በምስሉ ያምራል፣ ሲሠራ ግን የማይወጣ ደረጃ ነው።

በእጅህ አስላው። ግድግዳው 2.80፣ ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ከነወለሉ 20 ሳንቲ፣ ከወለል ወለል 3.00 ሜትር ነው። በ18 ከፍታ (ከአንዱ መርገጫ ወደ ቀጣዩ ያለው ቁመት) ብትከፍለው እያንዳንዱ 16.67 ሳንቲ ይመጣል። መርገጫው 28 ይሁን። የሁለት ከፍታና የአንድ መርገጫ ድምር 61.3 ነው፤ ከ60 እስከ 64 መሐል ከሆነ እግር አይደክምም። ታጥፎ የሚወጣ ከሆነ 9 እና 9 ከፍታ፣ በየጎኑ 8 መርገጫ (ዘጠነኛው ማረፊያው ወይም የላዩ ወለል ነው)። 8 ሲባዛ 28 = 2.24፣ ማረፊያው 1.10፣ ጠቅላላ ርዝመት 3.34። ስፋቱ 1.10 + 1.10 እና መሐሉ 10 ሳንቲ፣ 2.30። ፕላንህ ላይ 2.30 በ3.34 ባዶ ሬክታንግል ሣል፤ የዝርዝሩን ደረጃ በዚያ መጠን ለመልክ ብቻ ተጠቀምበት።

ፎርማን ነኝ

8 ሜትር ቤት ውስጥ ለደረጃ ወደ 7.7 ካሬ መስጠት ውድ ነው። ላዩን ለማከራየት ካሰብክ ደረጃውን በውጭ አድርገው፤ ተከራይና አከራይ በር አይጋራም።

ባለእርሳሷ

የት ላይ? መተላለፊያው ላይ 1.10 ደረጃ ከወጣ የሚቀረው 90 ሳንቲ ነው፤ ፍሪጅና ሶፋ በዚያ አይዞርም። ቀጥ ብሎ ቢወጣም 17 መርገጫ በ28፣ 4.76 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፣ የመኝታውንም መስኮት ይሸፍናል። በውጭ የሚሆን ከሆነ በፊት ለፊት፣ በሳሎኑ ጎን ይሁን፤ ያኔ ቤቱን ከመንገዱ ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ግድ ይላል።

ፎርማን ነኝ

ፊት ለፊት ከሆነ እስማማለሁ። መኪና የሚቆምበትን 2.50 በ5.00 ቦታም አብራችሁ ሣሉ፣ እዚያ ነው የሚጋጩት።

ሰያፍ

ስለ መስኮት ማንም አላነሣም። ፕሮግራሙ ላይ ኮምፓስ አለ፤ ሰሜኑን በካርታው መሠረት አዙረው፣ ከተማውን ባሕር ዳር አድርገው፣ ከዚያ በ3ዲ ፎቶ መፍጠሪያው ሰዓቱን ከቀኑ 10 ሰዓት (በፕሮግራሙ 16:00) ላይ አድርገህ ተመልከት። የምዕራቡ መስኮት የሚጋግረው የትኛውን ክፍል እንደሆነ ታየዋለህ። መኝታው ከሆነ ማታ ትተኛለህ ብለህ አታስብ። ምዕራቡን ለሻወር ቤት፣ ለደረጃ ወይም ለዕቃ ቤት ስጠው።

ከወለል እስከ መስኮቱ ሥር ያለውን ከፍታም አስተካክል፤ ለመኝታና ለሳሎን ከ90 እስከ 100፣ ለሻወር ቤት ከ160 በላይ። ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ከ85 እስከ 90 ስለሚቆም መስኮቱ ከ110 ይጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ቦታም አትርሳ፦ ጠረጴዛው 60 ሳንቲ ጥልቀት ብቻ ከሆነ ምጣዱ ከነእጀታው ጫፉ ይወጣል። ለብቻው 80 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ዝቅ ያለ መደብ ስጠው፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት አጠገብ።

ጎጆ ወጪ (ጠያቂ)

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ለፈቃድ ማስገባት ይቻላል?

ባለእርሳሷ

አይቻልም። ለፈቃድ የሚቀርበው ፈቃድ ያለው ባለሙያ የፈረመበትና ማኅተም ያደረገበት ነው። ስዊት ሆምም ለኦቶካድ (አርክቴክቶች ለሚስሉበት ፕሮግራም) የሚሆን ዲደብሊውጂ ፋይል አያወጣም፤ አርክቴክቱ እንደገና ይስለዋል። ስለዚህ ለእሱ የምትሰጠው ልኬት መስመር ያለው ፒዲኤፍ ይሁን፦ የውጭ ጠቅላላ ልክ፣ የየክፍሉ የውስጥ ልክ፣ የበርና የመስኮት ስፋት፣ የሰሜን አቅጣጫ። የክፍል ልኮቹ ከልስን በፊት ወይስ በኋላ እንደሆኑ ጥግ ላይ ጻፍበት። 3ዲ ምስሉን ከሁለት በላይ አትላክለት፤ ልኬት የሌለው ቆንጆ ምስል ምንም አይነግረውም።

መብራት ስለሚጠፋም ፕሪፈረንስስ ውስጥ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ መጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን ምልክት አድርግበት። ትልቅ ለውጥ ከማድረግህ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጥ፤ ደረጃውን በውጭና በውስጥ ያደረግክባቸውን ሁለቱንም ይዘህ ብትሄድ አርክቴክቱ ያወዳድርልሃል።