አጋንንት አዳኞቹ መሃል ጠፋሁ፤ ይህን ልቦለድ እንዴት ላጣጥመው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኛዬ «ሳትጨርሺ እንዳትመልሺልኝ» ብላ የካሳንድራ ክሌርን «ክሎክወርክ ኤንጅል» አዋሰችኝ። ላላነበባችሁት፦ ዘመኑ 1878 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ለንደን ነው። ቴሳ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ የወንድሟን ደብዳቤ አምና ከኒው ዮርክ በመርከብ እንግሊዝ ትመጣለች። ወንድሟ የለም። የተቀበሏት ሁለት ክፉ እህትማማቾች ቤት ዘግተውባት ያሰቃዩዋታል። ኋላ አጋንንትን እያሳደዱ የሚገድሉ ወጣቶች ቤት ትገባለች። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ሰማንያ ገጽ ያህል ሄጄ ቆምኩ። ስሙ በዛብኝ፣ ማን ምን እንደሆነ ተምታታብኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ቀድመው የወጡትን ሳታነቢ አይገባሽም» አለኝ። እውነት ነው? በእናታችሁ፣ መጨረሻውን አትንገሩኝ።

የሌሊት አንባቢ
ወደ ኋላ አትመለሺ፣ ቀጥዪ። ያ ሰው ያለሽ ከ«ሲቲ ኦፍ ቦንስ» የሚጀምረውን የዚያችው ደራሲ ተከታታይ ነው። እሱ በ2007 የወጣ ሲሆን ታሪኩ የዛሬው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ያንቺው በ2010 ቢታተምም ታሪኩ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ዋናው ነገር ግን ቴሳ ራሷ ስለዚያ ዓለም አንዳች አለማወቋ ነው። የምትጠይቀው አንቺ ልትጠይቂ ያሰብሽውን ነው። ግራ መጋባትሽ የታሰበበት ነው፤ ከእሷ ጋር አብረሽ ግራ ተጋቢ። ተከታዮቹ ሁለቱ በ2011 እና በ2013 ወጥተዋል፣ በቅደም ተከተል ሂጂ።

መቅረዝ
እኔ ትንሽ እለያለሁ። የኒው ዮርኩን የመጀመሪያ ሦስት መጻሕፍት ጨርሼ ነው ወደ ለንደን የመጣሁት። ማግነስ ቤን የሚባለው ጠንቋይ ብቅ ሲል ልቤ ዝልል አለ። ጠንቋዮቹ አያረጁም፤ በሌላ ዘመን የማውቀውን ሰው ድንገት መንገድ ላይ ያገኘሁት ያህል ነው የተሰማኝ። ያ ደስታ ያመልጥሻል። ቢሆንም ሰማንያ ገጽ ከሄድሽ በኋላ አቋርጪ አልልም።

ቀለም ወዳድ
ስሞቹን በተመለከተ፣ ዕልባት የምታደርጊያት ወረቀት ላይ ሦስት ክብ ሥሪ። አንደኛው ኔፊሊም፣ ማለትም አዳኞቹ። ሁለተኛው ጠንቋዮች፣ ደም መጣጮች፣ ተኩላ ሰዎችና ተረታዊ ፍጡራን። ሦስተኛው ምንም የማያዩት ተራ ሰዎች። አዲስ ስም ሲመጣ አንዱ ክብ ውስጥ ጻፊው። እኔ አርባ ገጽ ሳልሄድ ወረቀቱን ማየት ተውኩ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መጽሐፈ ሄኖክን ወይም ዘፍጥረት ምዕራፍ 6ን አንብበሽ ከሆነ ኔፊሊም ስትይ ምድርን ያበላሹት ግዙፎቹ ይመጡብሻል። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ራዚኤል የሚባል መልአክ ደሙን በጽዋ ለሰዎች ሰጠ፤ ከዚያ የጠጡትና ልጆቻቸው ናቸው የሚዋጉት። ደግሞ ቋንቋችን እዚህ ጋ እንዴት እንደሚያምር ልብ በዪ፦ «አዳኝ» ጠበቅ ሲል አሳዶ የሚገድለው ነው፣ ላላ ሲል ከሞት የሚያተርፈው። ሁለቱን ወጣት አዳኞች፣ ዊልንና ጄምን፣ ሳነብ ሁለቱንም ትርጉም እሰማለሁ።

የድልድዩ ሰው
እስካሁን ስለ ከተማዋ ማንም አላነሳም። ለእኔ መጽሐፉን ያስወደደኝ ለንደን ናት! አጋንንቱን ብቻ እያሳደድሽ ካነበብሽ ግማሹ ያመልጥሻል።

ጄምና ቴሳ ብላክፍራይርስ ድልድይ ላይ ቆመው የሚያወሩበት ቦታ አለ። ያ ድልድይ በ1869 ነው የተከፈተው፤ በታሪኩ ዘመን ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለእኛ አሮጌ ነው፣ ለእነሱ አዲስ። ከሥሩ የሚፈሰው ቴምስ ደግሞ በ1858 በጋ ጠረኑ ከተማውን መቀመጫ አሳጥቶ ፓርላማውን ሳይቀር ያስጨነቀ ወንዝ ነው። የከርሰ ምድር ባቡሩ ከ1863 ጀምሮ በእንፋሎት እየጨሰ ይሄዳል። ጭጋጉ የተፈጥሮ ጭጋግ ብቻ አይደለም፣ የቤቱ ሁሉ የከሰል ጭስ ተቀላቅሎበታል። በጋዝ መብራት ብርሃን ሦስት እርምጃ ፊትሽ ያለው ነገር ሰው ይሁን ሌላ እንዴት ትለያለሽ? ጋኔን የሚደበቅበት ከተማ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ልቦለዱ ውስጥ በጥርስ ጎማ የሚንቀሳቀሱት የብረት ሰዎችም ከአየር አልመጡም። ቻርልስ ባቤጅ በጥርስ ጎማ የሚያሰላ ማሽን ሲነድፍ ኖሮ የሞተው በ1871 ነው። ሰዉ ማሽን ያስባል ወይ ብሎ መጠየቅ የጀመረበት ጊዜ ነው። ሻርሎትንም ልብ ብለሽ እያት። ቤቱን የምትመራው እሷ ናት፣ ወንዶቹ ግን ይንቋታል። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ንብረቷን እንደ ራሷ አድርጋ መያዝ በሰፊው የተፈቀደላት በ1882 ነው። እሷ ጠረጴዛ ዙሪያ ድምፅዋን ዝግ አድርጋ ስትከራከር ያንን አስቢ።

የሌሊት አንባቢ
ልክ ነህ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በየምዕራፉ አናት ላይ ያሉትን ግጥሞች አትዝለዪ። ምዕራፉን ስትጨርሺ ተመልሰሽ አንብቢያቸው፣ ያኔ ነው የሚናገሩት። ዊልና ቴሳ ራሳቸው ስለ መጻሕፍት ሲከራከሩ ነው ልብ የሚሰርቁት።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ትናንት ማታ ወረቀቴን ሠርቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መግቢያው ላይ ዊልና ጄም ጨለማ መንገድ ላይ የሞተች ልጅ ሲያገኙ አጠገቧ ያለው ጩቤ ላይ አንዱ የሌላውን ጭራ የነከሱ ሁለት እባቦች አሉ። በመጀመሪያው ንባብ ዝም ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ወረቀቴ ላይ፣ ከሦስቱም ክብ ውጭ ሣልኩት። መቶ ሃያኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ጄም ደግሞ ደጋግሞ ያስለዋል፣ ጨንቆኛል። ምን እንደሆነ የምታውቁ ዝም በሉ።