የጭቃ ወለል ላይ ቁንጫ አልጠፋ አለ፤ ያለ ርጭት ምን መላ አለው?

ጠያቂ ከባሶና ወራና

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ የጭቃ ነው፣ አራት በአምስት ሜትር ገደማ። ወለሉ አፈር ሆኖ በእበት የተለቀለቀ ነው፤ በአንድ በኩል መደብ አለው። ከጥቅምት ወዲህ ቁንጫው በዝቷል። ባህር ዛፍ ተጎዝጉዟል፣ ቤቱም በወይራ ታጥኗል፤ ሁለት ቀን ቀለል ይልና በሦስተኛው ይመለሳል። የስድስት ወር ሕፃን ስላለ የእርሻ መድኃኒት ቤት ውስጥ መርጨት አንፈልግም። ማታ ጓዳ ውስጥ ሁለት ግልገሎች ያድራሉ። የምንለብሰው ባና እና ዝተት (ወፍራም የሱፍ ልብስ) ነው፤ በፈላ ውሃ አይታጠብም። የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ዋልካ

እህቴ፣ የእርሻውን መድኃኒት መተውሽ በጣም ትክክል ነው። ለማሳ የተሠራ መርዝ ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ መግባት የለበትም።

ጭስና ቅጠል የማይበቃበትን ምክንያት ልንገርሽ። ሲዘል የምታዪው ቁንጫ ቤት ውስጥ ካለው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ ሰውም ከብትም ላይ አይጣበቅም፤ እየተንሸራተተ ወለል ላይ፣ ምንጣፍ ሥር፣ መደብ ጥግ ይወድቃል። የሚፈለፈለው እጭ ነጭ ክር የመሰለች ትል ናት። ብርሃን ስለምትሸሽ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፤ እዚያም ትልልቆቹ የሚጥሉትን የደረቀ ደም ከአቧራው ጋር ትበላለች። ከዚያ አቧራ የለበሰ ድር ጠቅልላ ትተኛለች። በዚያ ድር ውስጥ ጭስም ሽታም አይደርስባትም፤ ሙቀትና ኮቴ እስኪሰማት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ትቆያለች። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ በአንዴ የሚወረው ለዚህ ነው። ሥራው ያለው ስንጥቁ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዕቃውን ሁሉ አውጥተሽ የተጎዘጎዘውን ቅጠል ጠርገሽ አቃጥዪ። የመደቡን ሥርና የግድግዳውን ግርጌ በሹል እንጨት እየፈለፈልሽ ጥረጊ፤ ከሁሉ የሚበዛው እግር የማይረግጠው ቦታ ነው። ጥራጊው አጥር ጥግ ከተደፋ ተመልሶ ይገባል፣ እሳት ውስጥ ይግባ።

ቀጥሎ ስንጥቅ መድፈን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አፈሩን ይሳሳታል። የእኛ አገር ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ አንድ እጅ ዋልካ ከሁለት እጅ ቀይ ወይም አሸዋማ አፈር ጋር ይቀላቀል፤ በሦስት ባልዲ አፈር ላይ አንድ ባልዲ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ይጨመር። ሁለት ሦስት ቀን ይቡካ፣ በእግር ይረገጥ። ስንጥቁን መጀመሪያ በውሃ አርጥቢው፤ ደረቅ ላይ ከተለጠፈ አይይዝም። ጭቃውን በአውራ ጣት እየጠቀጠቅሽ ሙዪው። በዚህ በጋ ሁለት ቀን ይደርቃል፤ ሲደርቅ የሚወጣውን ቀጭን ስንጥቅ እንደገና ድፈኚ። ይቺን ሁለተኛ ዙር የሚያልፋት ሰው ነው ከወር በኋላ ተመልሶ የሚቸገረው።

ልቅለቃው የመጨረሻው ነው። ሁለት እጅ ትኩስ የከብት እበት፣ አንድ እጅ የተነፋ አመድ፣ እርጎ እስኪመስል ውሃ። በስሱ ይቀባ። ከወፈረ ተላልጦ ይነሳና ከሥሩ አዲስ መደበቂያ ይሆናል። ርጥቡ እበት ዝንብ ስለሚጠራ እስኪደርቅ በርና መስኮት ይከፈት። እጭ የምትኖረው እርጥበት ስታገኝ ነው፣ ደረቅ ወለል ላይ ትሞታለች፤ በክረምት ግን ልቅለቃው ሳይደርቅ ስለሚሰነብት በየሳምንቱ መለቅለቅ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ባህር ዛፍን ላጣጥለው አይደለም። ትኩሱ ዘይቱ እስኪተን ትልልቆቹን ያርቃል። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ደረቅ ገለባ ነው፤ ያኔ እጩን የሚያስጠልላት ራሱ ቅጠሉ ይሆናል። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማም እንዲሁ፤ በማግስቱ ይጠረግ።

አዛውንት ከአንኮበር መስመር

ልጄ፣ ዋልካ የጻፈው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ለዘላዮቹ የሚሆን ነው።

ሰፋ ያለ ነጭ ሳህን ላይ አንድ ሊትር ውሃ አድርጊ፣ የተፈቀፈቀ ሳሙና አንድ የሾርባ ማንኪያ አሟሚበት። ማታ ሁሉም መብራት ሲጠፋ ወለሉ መሃል አስቀምጪው፤ ከበላዩ አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ትንሽ የፀሐይ መብራት ይንጠልጠል። ኩራዝ አይሁን፣ ሕፃን ባለበት ቤት እሳት ወለል ላይ አያድርም። ቁንጫ ወደ ብርሃኑ ይዘላል። ባዶ ውሃ ላይ ቢወድቅ ይንሳፈፍና ዘሎ ይወጣል፤ ሳሙናው ግን ውሃው እንዳይሸከመው ስለሚያደርግ ይሰምጣል። ጠዋት ጠዋት ቆጥረሽ ጻፊ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጪ፤ ድር ውስጥ የነበሩት እየወጡ ነው። ለአንድ ሳምንት ምንም ካልወደቀ በኋላም አንድ ወር ቀጥዪ፣ በደጋው ብርድ እድገቱ ዝግ ይላልና።

ሳሙና ከጠፋ እንዶድ ይሠራል። አንድ እፍኝ የደረቀ ፍሬ ውቀጪ፣ በሁለት ሊትር ውሃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ፣ በጨርቅ አጥልዪ፤ ሲመቱት ነጭ አረፋ ካወጣ ደርሷል። የጠፍር አልጋውን እንጨት፣ የመደቡን ጠርዝ፣ ሰሌኑን በዚህ ፈትጊ። ሲወቀጥ አፍንጫና አፍ ይሸፈን፣ ዱቄቱ ክፉኛ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ቢጠጡት መርዝ ስለሆነ ሕፃኑ ከሚደርስበት ይራቅ። የተረፈውንም በአካባቢያችሁ ባለው የበሬሳ ወንዝም ሆነ ምንጭ ውስጥ እንዳትደፊ፤ ዓሣ ይፈጃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ስለማጥፋት ማጥናት የጀመሩት። ጉልበቱ ቀላል አይደለም።

ሮቢት በር

ከዚህ ሁሉ ድካም በፊት ቁንጫ መሆኑን አረጋግጡ። ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት ስቦ ወለሉ ላይ አምስት ደቂቃ መመላለስ ነው፤ ቁንጫ ከሆነ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ንክሻውም ቁርጭምጭሚትና መቀነት አካባቢ ይበዛል። አንሶላው ላይ የደም ጠብታና ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ንክሻውም በመስመር ከተደረደረ፣ ትኋን ነው፤ እሱ የሚኖረው የአልጋ መጋጠሚያና ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጋዜጣ ሥር ስለሆነ ወለል ብትለቀልቁ አይነካውም። ጋዜጣውን መላጥ፣ መጋጠሚያው ውስጥ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ ነው የሚያዋጣው።

በእኛ በቆላው ደግሞ ቁም ነገሩ የወባ ትንኝ ነው። ኒም ቅጠል ቢጨስ ንክሻ ይቀንሳል፣ አጎበርን ግን አይተካም።

አንድ ነገር ልለምን፦ የትምባሆ ውሃ ውሻና ድመት ላይ የሚቀቡ አሉ። በቆዳ ይገባል፣ ይመርዛል። ተዉት።

ጠያቂ ከባሶና ወራና

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የካልሲው ሙከራ ተሠርቷል፤ ቁንጫ ነው፣ ባንድ እግር አሥራ አንድ። ባናውንና ዝተቱንስ ምን ላድርግ? ውርጩ ላይ ቢያድር ይሞታል የሚሉ አሉ። ግልገሎቹን ደግሞ ውጭ ማሳደር አይቻልም፣ ብርዱም ጅቡም አለ።

ዋልካ

ውርጩ አይበቃም። የዝተት ሱፍ እኛን ከብርድ እንደሚጠብቀው ሁሉ መሃሉ የገባውንም ቁንጫ ይጠብቀዋል። ፀሐይ ይሻላል፣ ግን አጥር ላይ እንዲሁ ማንጠልጠል ሳይሆን እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከቤት ርቀሽ በዱላ ውቀጪው፣ እንቁላሉም አቧራውም ይራገፋል። ከዚያ ሳይጠቀለል በአንድ እጥፍ ብቻ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ከተሽ ቆርቆሮ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አውዪው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ገልብጪው። ከተጠቀለለ መሃሉ ሳይሞቅ ይቀራል፣ ቁንጫውም ወደዚያ ይሸሻል። እጅሽን ስታስገቢበት ማቃጠል አለበት። በየሳምንቱ፣ ለስድስት ሳምንት።

ለግልገሎቹ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ይሠራላቸው፤ በእንጨቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ጣት የሚያሳልፍ ይሁን፣ ከሰፋ እግራቸው ይገባል። ጭዱ በየሦስት ቀኑ ተነስቶ ይቃጠል፣ ከሥሩ ይጠረግና ደረቅ የተነፋ አመድ ሁለት ጣሳ ይነስነስ። አመዱ የሚሠራው እጩን በማድረቅ ስለሆነ ሽንት ሲያርሰው ከንቱ ነው፣ ሲረጥብ ይቀየር። ሲነሰነስ ሕፃኑ ውጭ ይሁን። ጓዳውንና የምትተኙበትን የሚለየው መጋረጃ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ወለል አይንካ።