የሰብል ዓይነት ኢነም ላይ አዲስ ሰብል ሲጨመር የቆየው አፕ ይዘጋል፤ ላይብረሪውን እንዴት እናስተካክለው?

ጦሳ_ሥር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የገበያ ዋጋ የሚመዘግቡ አፖች የሚጋሩት በኮትሊን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ (የጋራ ኮድ) አለን። ተጠቃሚዎቹ ቆቦ፣ ሐይቅ፣ ባቲና ኮምቦልቻ ያሉ መዝጋቢዎች ናቸው። የሰብሉ ዓይነት ኢነም (አባላቱ ኮዱ ውስጥ አስቀድመው የተወሰኑ ዝርዝር) ነው፦ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽንብራ። ሰርቨሩ ላይ ማሾ ሲጨመር ያልታደሱት አፖች ዝርዝሩን እንደከፈቱ ይዘጋሉ። ሎጉ የሚያሳየው ኢሊጋል አርጊዩመንት ኤክሴፕሽን (ተቀባይነት የሌለው እሴት ገባ የሚል ስህተት) ነው። አፑ ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ ስለሚተላለፍ ሁሉንም ማሳደስ አይቻልም። በዚያ ላይ አንዱ አፕ ሠሪ እኛን ሳይጠብቅ ጌሾን መጨመር ይፈልጋል። ኢነሙን ለመውረስ ሲሞከር ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል። ምን ይሻላል?

የጁ_ኮደር፦
አብሽር፣ ቀላል ነው። ኢነሙ ላይ «ያልታወቀ» የሚል አባል ጨምር። ጄሰኑን (ሰርቨሩ የሚልከውን የዳታ ጽሑፍ) የምታነበው ጃክሰን በሚባለው ላይብረሪ ከሆነ ያንን አባል ጄሰን ኢነም ዲፎልት ቫልዩ በሚለው አኖቴሽን (ኮዱ ላይ የሚለጠፍ ማስታወሻ) ምልክት አድርግበትና የማያውቀውን ኢነም በዲፎልቱ እንዲያነብ የሚያዘውን ማብሪያ አብራ። ማብሪያው ካልበራ አኖቴሽኑ ብቻውን አይሠራም። ጂሰን የሚባለውን የጉግል ላይብረሪ ከሆነ የምትጠቀመው ተጠንቀቅ፤ የማያውቀውን ኢነም ዝም ብሎ ነል (ባዶ) ያደርገዋል። ኮትሊን ላይ «ነል አይሆንም» ያልከው መስክ እንኳ ነል ይገባበታል፣ ስህተቱም የሚፈነዳው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ቦርከና፦
የየጁ መልስ መዘጋቱን ያስቆማል፣ መረጃውን ግን ይበላል። የባቲውን የሰኞ ገበያ ውሰድ። ሰርቨሩ «ማሾ፣ ኩንታሉ ይህን ያህል» ብሎ ላከ። የቆየው አፕ «ያልታወቀ» ብሎ አነበበው። መዝጋቢው ዋጋውን ብቻ አርሞ መልሶ ላከ። አሁን ሰርቨሩ ላይ የነበረው ማሾ «ያልታወቀ» በሚል ተተካ። ስህተት ያየ ሰው የለም፣ ሎግም የለም። ከመዘጋቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ደግሞ የጠየቅከው ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አዲሱን ሰብል የሚጨምረው ማን እንደሆነ መለየት አለብህ።

ሰርቨሩ የሚጨምረው ከሆነ ኢነሙን ተወውና ስትሪንግ (ጽሑፍ) የሚሸከም ተራ ክላስ ሥራ። የማይክሮሶፍት አዙር የጃቫ ላይብረሪዎችም የሚያድጉ እሴቶችን የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነው። ኮንስትራክተሩ ፕራይቬት ይሁን፣ ማለት ከክላሱ ውጪ ማንም በቀጥታ ኦብጀክት አይፍጠር። የታወቁት ሰብሎች ኮምፓኒየን ኦብጀክት (የክላሱ የጋራ ክፍል) ውስጥ ቋሚ ሆነው ይቀመጡ። ከስትሪንግ የሚፈጥር አንድ ፋንክሽን ይኑር፦ ኮዱ ከታወቁት ውስጥ ካለ ያንኑ ይመልሳል፣ ከሌለ የመጣውን ጽሑፍ ሳይነካ የያዘ አዲስ ኦብጀክት ይሠራል። ኢኳልስና ሃሽኮድ (ለማወዳደር የሚያገለግሉት ፋንክሽኖች) በስትሪንጉ ላይ ይመሥረቱ። ማወዳደሪያው ሁለት እኩል ምልክት ነው፤ በሦስት እኩል ምልክት (ያው ኦብጀክት መሆኑን ብቻ በሚያየው) ያወዳደረ ሁለት ማሾ እያየ «አይመሳሰሉም» ይለዋል። ያልታወቁትን ካሽ አታድርግ (ሚሞሪ ላይ አታቆይ)፤ ሰርቨሩ ቆሻሻ ከላከ ሚሞሪህን ይሞላዋል።

ቫሊዩ ክላስ (አንድ እሴት ብቻ የሚጠቀልል የኮትሊን ክላስ) ቀለል ይላል፣ ነገር ግን እሱን እንደ ፓራሜትር የሚቀበሉ ፋንክሽኖች ስማቸው ኮምፓይል ሲደረግ ስለሚቀየር ከጃቫ ለሚጠራህ ሰው ችግር ነው። ሁሉም አፖች ኮትሊን ከሆኑ ግን ይሁን።

ኮዱ የአማርኛ ስም አይሁን። አንዱ ሽንብራ፣ ሌላው ሽምብራ ብሎ ይጽፍና ሁለት ሰብል ይሆንብሃል። በላቲን ፊደል አጭር ኮድ ስጠው፣ የሚታየውን ስም ለብቻው ያዝ።

ጦሳ_ሥር፦
አላህ ይጨምርልህ። ዌን የሚለው (በሰብሉ ዓይነት መንገድ የሚመርጠው) ቅርንጫፍ ግን ኤልስ (ከተዘረዘሩት ውጪ ለሆነው) ግድ አለኝ። እዚያ ምን ልጻፍ?

ቦርከና፦
ማሳየትን ከማስላት ለይ። ለማሳየት ሲሆን ኮዱን እንዳለ ከአጠቃላይ አዶ ጋር አውጣው። የእርጥበት ቅናሽ ወይም ሌላ በሰብሉ ዓይነት የሚለያይ ስሌት ከሆነ ግን አትገምት፤ «አፑን አድስ» በልና ስሌቱን ዝለለው። ኤልስ ውስጥ የጤፍን ሕግ ማስገባት ከሁሉ የከፋው ነው።

የጁ_ኮደር፦
መልሶ መላኩን አላሰብኩትም ነበር፣ ልክ ነህ። የጌሾው ነገርስ?

ቦርከና፦
እሱ ላይ ኢነሙ መልሶ ይጠቅማል። ኢነም መውረስ ባይቻልም ኢንተርፌስ (ክላሶች የሚያሟሉት ውል) መተግበር ይችላል። ኮድና ስም ያለው «ሰብል» የሚባል ኢንተርፌስ አውጣ። የላይብረሪው ኢነም ይተግብረው፣ አፕ ሠሪውም በራሱ ኢነም ጌሾን ይዞ ይተግብረው። ፋንክሽኖችህ በሙሉ መቀበል ያለባቸው ኢንተርፌሱን እንጂ ኢነሙን አይደለም፤ አንድ ቦታ ከረሳህ እዚያው ይዘጋበታል። ኢነም ማፕ (የአንድ ኢነም አባላትን ብቻ ቁልፍ የሚያደርግ ማፕ) የተጠቀምክበትን በሃሽ ማፕ ተካ። አፑ ሲነሳ ሰብሎቹን መዝገብ ላይ ያስገባ፣ ኮዱ ከተደገመ ወዲያው ስህተት ይጣል። ለእያንዳንዱ አፕ የኮድ ቅድመ ቅጥያ መመደብም አትርሳ፤ ሁለት አፕ «ጌሾ» ሲል አንድ ነገር ማለቱ አይደለም።

ሁለቱንም የምትፈልግ ከሆነ ያልታወቀውን የሚሸከመው ክላስም ይኼንኑ ኢንተርፌስ ይተግብር።

ሐይቅ_ዳር፦
ዳታቤዙን ማንም አላነሳውም። ሰርቨሩ የሚጠቀመው ጄፒኤ (የጃቫን ኮድ ከዳታቤዝ የሚያገናኘው) ከሆነና ኢነሙ ላይ «ስትሪንግ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ዲፎልቱ ኦርዲናል ነው፣ ማለት ተራ ቁጥር ነው የሚቀመጠው። ጤፍ 0፣ ማሽላ 1፣ ሽንብራ 2። ማሾን መሀል ላይ በ1 ካስገባችሁት የድሮው ማሽላ ሁሉ ማሾ ይሆናል። ስልኩ ላይ ሩም (የአንድሮይድ ዳታቤዝ ላይብረሪ) ከሆነ ከቨርዥን 2.3 ጀምሮ ኢነምን በስሙ ስለሚያስቀምጥ ከዚህ ይተርፋል፤ የማያውቀውን ስም ሲያነብ ግን ያው ይዘጋል።

ፖስትግረስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የኢነም ታይፕ ከተጠቀማችሁ እሴት መጨመር ይቻላል፣ መሰረዝ ግን አይቻልም። ከ12 በፊት ባሉት ቨርዥኖች ደግሞ መጨመሩ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞች) ውስጥ አይሠራም፣ የማይግሬሽን (ዳታቤዙን የሚያሻሽለው) ስክሪፕቱ የሚቆመው በዚያ ነው። ከ12 ወዲህ ይጨመራል፣ ነገር ግን ኮሚት ሳይደረግ (ለውጡ ሳይጸና) አዲሱን እሴት መጠቀም አይቻልም። እኔ ብሆን የሰብል ሠንጠረዥ ሠርቼ በፎሪን ኪይ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ በሚጠቁም ቁልፍ) አገናኘዋለሁ።

ጦሳ_ሥር፦
እሺ፣ አሁን ሰው እጅ ላይ ያሉት አፖችስ?

ሐይቅ_ዳር፦
እነሱን ላይብረሪ አያድናቸውም፣ ሰርቨሩ ነው የሚያድናቸው። አፑ ቨርዥኑን በሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚላክ ተጨማሪ መረጃ) የሚልክ ከሆነ ለቆየው ቨርዥን ማሾ ያለበትን ረድፍ አትላኩ። ሄደር ከሌለው አዲስ አድራሻ ክፈቱና አዲሱ አፕ ብቻ እዚያ ይጥራ፣ የድሮው አድራሻ በሦስቱ ሰብል ይቆይ።

ቦርከና፦
ከኢነም ወደ ክላስ ስትቀይር ዋናውን የቨርዥን ቁጥር ከፍ አድርግ፤ ኦርዲናልና ቫልዩስ (የኢነሙን አባላት የሚዘረዝረው) የሚጠሩ አፖች ኮምፓይል አይሆኑም። የቋሚዎቹን ስም አትለውጥ፣ አብዛኛው ኮድ እንዳለ ያልፋል። ቴስቱ ላይ ደግሞ የትም የሌለ ኮድ ያለው ጄሰን አንብብ፣ ዋጋውን ብቻ ቀይር፣ መልሰህ ጻፍ፤ የሰብሉ ኮድ ፊደል በፊደል ያው ካልሆነ ሪሊዝ አታውጣ።