የባሕር ቀንድ አውጣዎቼ ተራ በተራ እየሞቱብኝ ነው፤ ዓሦቹ ግን ምንም አልሆኑ

የገላኗ ባለሱቅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የምኖረው ገላን ነው። የፊቱ ክፍል ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቤታችን። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። አምና አንድ ፈረንጅ ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ ሊሄድ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ፍሪጅ እንዲገዛ የላክሁት ሰውዬ ባለ 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አስጭኖ መጣ። "ፍሪጁስ?" ስለው "ይሄም መብራት ይበላል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እሱ መንገድ ላይ ነው፤ የምመግበው፣ መስታወት የምወለውለው፣ መብራት ሲጠፋ የምጨነቀው እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ አሁን አሁን ከሱ ይልቅ የለመድኩት እነሱን ነው።

ውስጡ ሁለት ክላውን ዓሣ፣ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት ያላቸው፣ እና ሰባት ቀንድ አውጣ ነበሩ። አራቱ ተርቦ የሚባሉት ናቸው፤ ሎሚ ያካክላሉ፣ መስታወቱ ላይ ያለውን አልጌ ሲልሱ ይውላሉ። ሦስቱ ናሳሪየስ ናቸው። እነዚህ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይቆዩና ምግብ ጠብ ሲል ያችን ቱቦ የመሰለች አፍንጫቸውን ቀጥ አድርገው ብቅ ይላሉ፤ የእናቱ ምጣድ ሲሸተው እንደሚነቃ ልጅ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ተርቦና አንድ ናሳሪየስ ሞቱብኝ። አሟሟታቸው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ መስታወት መውጣት ይተዋሉ። ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ስነካቸው እግራቸውን ቶሎ አይሰበስቡም። በማግሥቱ ክዳናቸው ገርበብ ብሎ አገኘዋለሁ። አንዱን አውጥቼ ባሸተው፣ ምነው ባልነካሁት! ሱቅ የገባ ደንበኛ "እዚህ ቤት ምን ሞተ?" ብሎ ስኳሩን ሳይገዛ ወጣ።

ሂተሩ 25 ዲግሪ ላይ ነው። አሞኒያ፣ ያ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣው መርዝ፣ ዜሮ። ከፈረንጁ ጋር የመጣችው ባለመርፌ ፕላስቲክ ሃይድሮሜትር፣ የውሃውን ጨውነት የምትለካው፣ 1.025 ትላለች፤ ሁሌም እሱኑ ነው የምትለው። ፈረንጁ የተወልን የጨው ከረጢት ስላለቀ ባለቤቴ ሲመለስ የባሕር ውሃ በጀሪካን ያመጣልኛል፣ ከወደቡ ራቅ ብሎ የሚቀዳ ንጹሕ ውሃ። አኳሪየሙ በየቀኑ ስለሚጎድል ጠዋት ጠዋት ሁለት ሊትር ያህል ከዚያ እሞላለሁ። ምን አጠፋሁ?

ጎመን ጠባቂ፦

እኛ በክረምት ጎመናችንን ሲበላብን ጨው ነስንሰን የምንገድለውን አንቺ ጨው ውስጥ አስቀምጠሽ ለምን ሞተ ትያለሽ? ሃሃሃ። ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።

የሰበታው፦

እህቴ፣ እሱን ተዪው፣ ሥራ ፈት ነው።

እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው መዳብ ነው። የዓሣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚታከምባቸው ብዙ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው። ዓሣ ይችለዋል፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ግን ጥቂቱም ይገድላቸዋል። ደግሞ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ገብቶ ይደበቅና ቀስ እያለ ይወጣል። ፈረንጁ እንዲህ ያለ ነገር ጨምሮ እንደሆነ ካርቶኑን ፈትሺ። ከቦይለር የወጣ ሙቅ ውሃም እንዳትጨምሪ፣ መዳብ ሊኖረው ይችላል።

ሸርጣንስ አለ? ያ የሰው ዛጎል ለብሶ የሚዞረው? ዛጎሉ ሲጠበው ቀንድ አውጣውን ገድሎ ቤቱን ይወርሳል። እኔ ቤት ያደረገውን ብነግርሽ በዘመድ ርስት የሚካሰስ ሰው ይመስልሻል።

መብራትም ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጻፊልን። ገላን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ ፓምፕ ሲቆም የሚኖረን ጊዜ የባሕር ዳርቻ ሰው ካለው ያጠረ ነው። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ያስፈልጋል።

የገላኗ ባለሱቅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ካርቶኑን ገለበጥኩት፤ አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ አለ ግን ማሸጊያው አልተነካም። ሸርጣን የለም። መብራት ሰሞኑን ደህና ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ለሁለት ሰዓት ጠፋ። የምጨምረው ውሃ ያው የጀሪካኑ ነው፣ የቧንቧ ጠብ አላደርግበትም። የባሕር ነው፣ በባሕር ይሞላ ብዬ።

የቱሉ ዲምቱ ላብራቶሪ፦

አገኘነው መሰለኝ። ያቺ የመጨረሻ መስመርሽ ናት።

ከአኳሪየም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ባለቤትሽ አፋርን ሲያቋርጥ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አፍዴራ ላይ ጨዋማውን ውሃ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያተኑታል፣ ጨው ይቀራል። አንቺ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ አፍዴራ ከፍተሻል።

ባለሱቅ ነሽና እንመዝነው። የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። በቀን 2 ሊትር፣ በ21 ቀን 42 ሊትር። 42 ጊዜ 35 ሲባል 1,470 ግራም ነው። በሦስት ሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል ጨው ጨምረሻል ማለት ነው! 200 ሊትር ላይ ሲካፈል በሊትር ከ7 ግራም በላይ። 35 የነበረው 42 ደርሷል።

ዓሦቹ ደህና የሆኑት ዓሣ ትርፉን ጨው ከሰውነቱ ስለሚያስወጣ ነው። ቀንድ አውጣ ይህን አይችልም፤ የሰውነቱ ፈሳሽ በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮ ይቀንሳል።

መለኪያሽ አሁንም 1.025፣ የደህናውን የባሕር ውሃ ቁጥር፣ የምትለው መርፌዋ ላይ ጨው ደርቆባት ይሆናል። መርፌ ስትከብድ ዝቅ ትላለች፣ ዝቅ ስትል ትዋሻለች። ለብ ባለ ውሃና ኮምጣጤ ዘፍዝፈሽ እጠቢና እንደገና ለኪ። እኔ ሪፍራክቶሜትር አለኝ፣ ጨውን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ፤ ከቱሉ ዲምቱ ገላን ቅርብ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ላኪልኝ።

የገላኗ ባለሱቅ፦

አጠብኳት። መርፌዋ ሥር ነጭ ቅርፊት ነበር፣ በጥርስ ብሩሽ ነው የለቀቀው። አሁን መርፌዋ የመጨረሻውን 1.030 አልፋ ወጣች፣ ከዚያ ወዲያ መስመር የላትም። እጄ ተንቀጠቀጠ። በየጠዋቱ ቡናዬን ሳልጠጣ ነበርኮ የምሞላላቸው!

ውሃውን በልጁ ልኬልሃለሁ። አሁኑኑ ግማሹን ቀድቼ በቧንቧ ውሃ ልለውጠው?

የቱሉ ዲምቱ ላብራቶሪ፦

እንዳታደርጊው! በአንድ ጊዜ ከወረደ የተረፉትንም ይጨርሳል። የላክሽውን ለካሁት፣ 42 ነው፤ ሒሳባችን ልክ ነበር።

በቀን 5 ሊትር ቅጂና 5 ሊትር ጨው የሌለው ውሃ ተኪ። በዚህ አካሄድ ጨዉ በቀን በሊትር 1 ግራም ያህል ይወርዳል፤ ሳምንት ትንሽ አለፍ ቢል 35 ትደርሺያለሽ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክፍት ባልዲ ውስጥ ኤር ፓምፕ ከተሽለት አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ይወጣል። የተጣራ ካገኘሽ የተሻለ።

ከዚያ መስታወቱ ላይ ውሃው የሚቆምበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጊ። ከምልክቱ በጎደለ ቁጥር የምትሞዪው ጨው የሌለው ውሃ ነው። የጀሪካኑ የሚያገለግለው አሮጌውን ቀድተሽ ስትለውጪ ብቻ ነው። ጀሪካን ባለቀ ጊዜ ደግሞ ከመደርደሪያሽ ጨው አንስተሽ እንዳትበጠብጪ፤ የወጥ ጨው ዛጎል የሚሠሩበትን ካልሲየምና ማግኒዥየም በሚፈለገው መጠን አይሰጣቸውም።

የሰበታው፦

እኔ በመዳብ ስባዝን ልጁ ቀደመኝ፣ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። መስታወት እወለውላለሁ ብለሻል። ስለ ጽዳትሽ ባመሰግንሽም ያ አልጌ የተርቦዎቹ ምሳ ነው። የኋላውን መስታወት አትንኪው። የዓሣ ፍርፋሪ ለናሳሪየሶቹ እንጂ ለተርቦ አይሆንም። አልጌ ካነሰ ሱሺ የሚባለው የጃፓን ምግብ የሚጠቀለልበትን ኖሪ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር አልጌ፣ ዘይትና ጨው የሌለበትን፣ ከትንሽ ድንጋይ ጋር አስረሽ አስገቢላቸው። ያደረውን ግን አውጪው። ተርቦ በጀርባው ወድቆ ካየሽም አገላብጪው፤ አሸዋ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱን መገልበጥ ያቅተዋል፣ እንደተጋደመ ይሞታል።

የገላኗ ባለሱቅ፦

ተመልሻለሁ፣ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ማውረድ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን አንድ ተርቦ ሞተብኝ። ቶሎ አወጣሁት፣ ደንበኛ ሳይሸሽ። አንድ ተርቦና ሁለት ናሳሪየስ ተርፈዋል። ትናንት ውሃውን ቱሉ ዲምቱ ራሴ ይዤው ሄጄ 35 ተባልኩ።

ለስድስት ቀን ተርቦው ከአንድ ጥግ አልተነሳም። ክዳኑን እያየሁ ተዘግቷል አልተዘጋም እያልኩ ሂሳብ ሁሉ ተሳሳትኩ፣ ለአንዷ ጎረቤቴ የሃምሳ ብር መልስ በመቶ ሰጥቻታለሁ፤ እስካሁን አላነሳችውም። በሰባተኛው ሌሊት መብራት አጥፍቼ በስልኬ ባበራ የኋላው መስታወት ላይ፣ ያ ሳልወለውለው በቀረሁት ላይ፣ ግማሽ ድረስ ወጥቷል። ከሥር ወደ ላይ አልጌው የተላጨ መንገድ ሠርቷል፣ አፉ መስታወቱ ላይ ከፈት ዘጋ ሲል ይታያል። ከሚሌ ለደወለው ባለቤቴ ይህንኑ ስነግረው "እኔስ ደህና ነኝ ወይ አትይም?" አለኝ።

ሦስት ሙሉ ጀሪካን ይዞ እየመጣ ነው። በሳምንት 20 ሊትር ብለውጥበት ይሆናል?

የቱሉ ዲምቱ ላብራቶሪ፦

ይሆናል። ጨለማ ቦታ አስቀምጪው፣ ከመጨመርሽ በፊት አሙቂውና ለኪው። ብሩን ግን ጎረቤትሽን ጠይቂያት።