እማዬ ጸበል ገብታ መድኃኒቷን አቆመች፤ ምን ልበላት?

ወገኖቼ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እናቴ ቲቢ ይዟት መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። ሳሉ ቀነሰላት፣ እህልም መቅመስ ጀመረች። ሁላችንም ተመስገን አልን። ከዚያ ጸበል ገባች። ሰባት ቀን ተጠምቃ ስትመለስ ኪኒኑን ተወችው። «እግዚአብሔር ከማረኝ በኋላ ኪኒን መዋጥ እሱን አለማመን ነው» ትላለች። እንዲህ ያለቻት አብራት የተጠመቀች ሴት ናት።

እኔም አማኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ ስታመም አዝላ ጸበል የወሰደችኝ እሷው ናት። ግን ሕክምናው ስድስት ወር ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ የእህቴ ሕፃን አለ።

ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበብኩላት፤ ባለመድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ይወሰድ ማለታቸውን ነገርኳት። ዝም አለችኝ። ዝምታዋ ከቁጣዋ ይብሳል።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቶሎ አምጣት ብላኛለች። የንስሐ አባቷን ላናግር አስቤ፣ «ከሰስከኝ» እንዳትለኝ ፈራሁ። ካቆመች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እምነቷን ሳልነካ በምን ቃል ልመልሳት? እባካችሁ በጸሎታችሁም አስቧት።